ድጎማው ከመታወጁ በፊት፦ በአሜሪካ ትንሽ እርሻ ላለው ሰው የሚሆን መመሪያ

በ2020 የስቅለት ዕለት፣ አፕሪል 17 ቀን፣ ዩኤስዲኤ የሚባለው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በኮሮና ለተጎዱ ገበሬዎች 19 ቢሊዮን ዶላር መመደቡን አስታወቀ። (እዚህ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) 16 ቢሊዮኑ በቀጥታ ለገበሬው የሚከፈል ሲሆን 3 ቢሊዮኑ ምርት እየገዙ ለተቸገሩ ቤተሰቦች ለማከፋፈል የተያዘ ነበር። ማመልከቻ መቀበል የተጀመረው በሜይ 26 ነው።

በሩ ሲከፈት ገንዘቡ ቶሎ የደረሰው ቀድሞውኑ ስሙ በመዝገብ ላይ ለነበረ ሰው ነው። አዮዋ ውስጥ በቆሎ የሚያርሰው፣ ነብራስካ ውስጥ ከብት የሚያደልበው ገበሬ የካውንቲውን ቢሮ ሠራተኞች በስም ያውቃቸዋል። የመሬቱ ካርታ፣ የባንክ ቁጥሩ፣ የገቢ ማረጋገጫው ሁሉ ከዓመታት በፊት ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ ጥቂት ኤከር ተከራይቶ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ የሚያመርት፣ ለፋሲካና ለዒድ በግ የሚያቀርብ ወገናችን ግን እንዲህ ያለ ቢሮ መኖሩን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ቀኑ ሊያልፍ ሲል ነው። በማርች 2021 የጊዜው የግብርና ሚኒስትር ቶም ቪልሳክ እንደተናገሩት፣ ባለፈው ዓመት ለገበሬዎች ከተከፈለው የኮሮና ድጎማ ለጥቁር ገበሬዎች የደረሰው ከመቶ 0.1 ብቻ ነበር። ከአንድ ሺህ ዶላር አንድ ዶላር ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ያለፈ በደል አለበት፣ የመሬት እጦት አለበት፣ ክፍያው በምርትና በሽያጭ መጠን መሰላቱም አለበት። ይህ ጽሑፍ ያንን ሁሉ አይፈታም። የሚመለከተው በገበሬው እጅ ያለውን ክፍል፣ ማለትም መዝገቡን፣ ደብተሩንና ቀኑን ብቻ ነው።

የዚህ የኮሮና ድጎማ ስሙ ሲፋፕ ነበር፤ ሲፋፕ አንድና ሲፋፕ ሁለት የተባሉት ሁለቱ ዙሮች ከተዘጉ ቆይተዋል። ዛሬ «ሲፋፕ ላስሞላልዎት» የሚል ሰው ቢመጣ አጭበርባሪ ነው። ነገር ግን አሠራሩ ይደጋገማል። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ እንኳ፣ በጃንዋሪ 2023፣ የ2020 ገቢያቸው ለቀነሰባቸው ገበሬዎች ፓርፕ የሚባል ሌላ ክፍያ ተከፍቶ በጁላይ 14 ተዘግቷል። ድርቅም ይሁን የወፍ ጉንፋን ወይም የገበያ መቃወስ፣ ቀጣዩ ድጎማ ሲመጣ የሚጠይቀው ነገር ከእነዚህ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ የሚሠራው አሁን፣ ምንም ባልታወጀበት ሰዓት ነው።

አንደኛ፦ መዝገብ ውስጥ ይግቡ

ዩኤስዲኤ በየካውንቲው፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ካውንቲዎች በአንድነት፣ የአገልግሎት ማዕከል አለው። እዚያ ውስጥ እርስዎን የሚመለከተው ኤፍኤስኤ የተባለው ክፍል ነው። ደውለው ቀጠሮ ይያዙ፤ «ፋርም ነምበር ማውጣት እፈልጋለሁ» ካሉ ይገባቸዋል። ክፍያ የለውም። ከዚህ ያነሰ መሬት አይመዘገብም የሚል ወሰንም የለም፤ በከተማ ውስጥ ያለ ግማሽ ኤከርም ቁጥር ያገኛል። ዩኤስዲኤ ራሱ ለቆጠራው እርሻ ብሎ የሚይዘው በዓመት የ1,000 ዶላር ምርት የተሸጠበትን ወይም ሊሸጥበት ይችል የነበረን ቦታ ነው። ስለዚህ «የኔማ ጓሮ ነው» ብለው ራስዎን ከደጅ አይመልሱ።

ሲሄዱ መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ወይም የድርጅት የታክስ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ እንዲሁም መሬቱ የእርስዎ መሆኑን ወይም መከራየትዎን የሚያሳይ ወረቀት ይያዙ። ኤልኤልሲ ካቋቋሙ የማቋቋሚያውንም ሰነድ ይጨምሩ።

እኛን የሚያደናቅፈን አብዛኛውን ጊዜ የመሬቱ ወረቀት ነው። መሬት በቃል እንቀበላለን። አንድ ሽማግሌ ባለርስት «ዝም ብለህ እረስበት» ይላሉ፤ ወይም የማኅበር ወንድም ከቤቱ ጀርባ ያለውን ሜዳ ይሰጠናል። መተማመኑ ጥሩ ነው፤ ቢሮው ግን ቃል አያነብም። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የባለርስቱ ስም፣ የእርስዎ ስም፣ የቦታው አድራሻ፣ ስንት ኤከር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በስንት ኪራይ ወይም በነፃ፣ የሁለታችሁም ፊርማና ቀን። ባለርስቱ ፊርማ ከፈሩ፣ ወረቀቱ መሬታቸውን እንደማይወስድባቸው፣ እርሻውን ማን እንደሚያርስ ብቻ እንደሚናገር ያስረዷቸው። ምርቱን የሚካፈሉ ከሆነም ይጻፍ፤ ምክንያቱም ድጎማ የሚከፈለው በምርቱ ላይ ድርሻ ላለውና የኪሳራውን አደጋ ለሚሸከመው ሰው ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሚሰጡዎት ቅጾች ስማቸው ሁሉ ቁጥር ስለሆነ ያደናግራሉ። በተራ ቋንቋ ሲቀመጡ ግን ቀላል ናቸው። ኤዲ-2047 ስምዎንና አድራሻዎን ይመዘግባል። ሲሲሲ-902 በእርሻው ላይ ማን ጉልበት፣ ማን ገንዘብ፣ ማን መሬት እንደሚያዋጣ ይጠይቃል። ሲሲሲ-941 አማካይ ዓመታዊ ገቢዎ ከ900,000 ዶላር እንደማይበልጥ የሚያረጋግጡበትና የታክስ መሥሪያ ቤቱ ይህን እንዲያጣራ የሚፈቅዱበት ነው። ገቢዎ የዚህን ሲሶ ሲሶ ባያክል እንኳ ካልፈረሙ ክፍያው ይቆማል። ኤዲ-1026 ረግረጋማ መሬት አድርቀው ወይም በቀላሉ የሚሸረሸር መሬት ያለ ጥበቃ እንደማያርሱ ቃል የሚገቡበት ነው። ኤስኤፍ-3881 የባንክ ሒሳብዎን ያስገባል። በ2020 ጸደይ ቢሮዎቹ ለባለጉዳይ ተዘግተው በስልክና በኢሜይል ብቻ ይሠሩ ነበር። እነዚህን ቅጾች ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ መሙላት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ካረሱ 10 ዓመት ካልሞላዎት «ጀማሪ ገበሬ» ነዎትና ሲሲሲ-860 የሚባለውን ቅጽ ይጠይቁ። ጥቅሙ በተግባር ታይቷል፦ በፓርፕ ለሌላው ገበሬ የተሰላው ገንዘብ 80 በመቶው ሲከፈል፣ ይህን ቅጽ ላስገቡ ጀማሪዎች 90 በመቶው ተከፍሏል። መደበኛ የሰብል ኢንሹራንስ ለማይሸጥላቸው ሰብሎች የሚሆነውን ናፕ የተባለ ዋስትና ሲገቡም የአገልግሎት ክፍያውን ያስቀርልዎታል።

ስለ መኖሪያ ፈቃድ አንድ ነገር ልጨምር። በሲፋፕ የአሜሪካ ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው እኩል ማመልከት ይችሉ ነበር። ከዚያ ውጭ ላለ ሰው ደንቡ ጠበቅ ይላል፤ መሬትም፣ ካፒታልም፣ የራስ ጉልበትም በእርሻው ላይ ማዋልን ይጠይቅ ነበር። ጉዳይዎ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ማንኛውንም የመንግሥት ቅጽ ከመፈረምዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃዎን ያማክሩ።

ከቢሮው ሲወጡ ባዶ እጅዎን አይውጡ። ኤፍኤስኤ ለመጣ ገበሬ ምን እንደጠየቀና ምን እንደተመለሰለት የሚገልጽ የአገልግሎት ደረሰኝ እንዲሰጥ በሕግ ይገደዳል። ይህ ደንብ የመጣው ቢሮዎች ጥቁርና አነስተኛ ገበሬዎችን ያለ አንዳች ወረቀት ይመልሱ ስለነበር ነው። «አሁን ምንም ፕሮግራም የለም» ተብለው ቢመለሱ እንኳ ያ መልስ በጽሑፍ ይሁን። እንግሊዝኛው ከከበደዎት ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ይናገሩ። ልጅን ለአስተርጓሚነት መውሰድ ለሰላምታ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለሲሲሲ-902 አይሆንም።

ሁለተኛ፦ ደብተሩ

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚሰለቸውም ይኸው ነው። ድጎማ የሚሰላው እርስዎ በደከሙት ልክ ሳይሆን በተጻፈው ልክ ነው።

ለእያንዳንዱ ሽያጭ አምስት ነገር ይጻፉ፦ ቀን፣ የምርቱ ስም፣ መጠን፣ ገንዘቡ፣ የገዢው ስም ወይም ቦታው። በቅዳሜ ገበያ ለእያንዳንዱ ገዢ መጻፍ ካልተቻለ የቀኑን ድምር በየምርቱ ለይተው ያስቀምጡ፦ ጎመን 140 እስር፣ ቃሪያ 35 ፓውንድ። በዜል ወይም በካሽ አፕ የሚገባው ገንዘብ ስልክዎ ላይ ዱካ አለው። ሆኖም «ለጎመን» ወይም «ለሁለት በግ» የሚል ማስታወሻ ካልተጨመረበት ከዕቁብ ገንዘብ አይለይም። ጥሬ ገንዘብ ሲቀበሉ በሁለት ቅጂ የሚቆረጥ ተራ የደረሰኝ ጥራዝ ይጠቀሙ። የምርቱን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፉ፤ የመንግሥት ዝርዝር ውስጥ የሚፈለገው በእንግሊዝኛው ስሙ ነውና።

ቀኑን ለምን አጥብቄ እንደምናገር በበግ ላሳይ። በሲፋፕ አንድ ከጃንዋሪ 15 እስከ አፕሪል 15 ቀን 2020 ለተሸጠ ጠቦት በአንድ ራስ 33 ዶላር ይከፈል ነበር። ከአፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 ባለው ጊዜ በበረት ለነበረ በግ ግን ክፍያው 7 ዶላር ብቻ ነበር። ፋሲካ በዚያ ዓመት የዋለው አፕሪል 19 ነው። የእኛ ሰው ደግሞ በጉን የሚገዛው በሕማማት መጨረሻ፣ በስቅለትና በቅዳም ስዑር ነው። 30 በግ ለፋሲካ ያዘጋጀ ገበሬ እስከ ረቡዕ አፕሪል 15 ቢሸጥ 990 ዶላር ያገኛል፤ በስቅለት ቢሸጥ፣ በጎቹ በ16ኛው ቀን በረቱ ውስጥ ስለነበሩ የሚታሰብለት 210 ዶላር ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው የእኛን የጾም አቆጣጠር አላሰበም፤ እንዲያስብም አይጠበቅም። እርስዎ ግን ገዢው አስቀድሞ ከፍሎ እንደሆነ፣ ሽያጩ መቼ እንደተፈጸመ፣ በየትኛው ቀን በረት ውስጥ ስንት እንደነበር ማሳየት ካልቻሉ 210ሩንም ማስረዳት ይቸግራል። በየወሩ መጀመሪያ እንስሳቱን ቆጥረው ይጻፉ፤ ቀኑ የሚታይበት የስልክ ፎቶም ያንሱ። የተወለደው፣ የሞተው፣ የታረደው ሁሉ ይግባ። ለእርባታ የተያዙትን ለብቻ ይመዝግቡ፤ በሁለተኛው ዙር የእርባታ እንስሳት ከስሌቱ ውጭ ነበሩ።

ፍየል የሚያረቡ ሰዎች ሌላ ነገር ገጥሟቸዋል። በሲፋፕ አንድ የበግ እንጂ የፍየል ክፍያ አልነበረም። በሲፋፕ ሁለት ግን ፍየል ገባ፤ የሚሰላውም በ2019 ሽያጭ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ሲያልፈው «የኛን አይመለከትም» ብሎ የ2019 ደብተሩን የጣለ ሰው በሴፕቴምበር ተቆጨ።

ቀጥሎ ጥሬውን ከተዘጋጀው ይለዩ። በሲፋፕ ሁለት የሚቆጠረው ገበሬው ራሱ አምርቶ በጥሬው የሸጠው ብቻ ነበር። ቃሪያውን አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በርበሬ አድርገው ቢሸጡ፣ የማድረቁ፣ የመፍጨቱና የማሸጉ ዋጋ አይታሰብም። ከሌላ ሰው ገዝተው የሸጡት ጨርሶ አይገባም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ የራስዎን ጎመን፣ የእህትዎን እንጀራና ከጅምላ መደብር የመጣ ሽንኩርት የሚሸጡ ከሆነ ሦስቱን በሦስት ዓምድ ይጻፉ። የዓመቱን ድምር በአንድ ቁጥር ብቻ ያስቀመጠ ሰው በማጣራት ጊዜ ቁጥሩን በሙሉ ሊያጣ ይችላል።

ያልተሸጠውንም ይጻፉ። በመጀመሪያው ዙር ደርሶ ገዢ ያጣ፣ ማሳ ላይ የቀረ ወይም በልገሳ የተሰጠ አትክልትና ፍራፍሬ የራሱ ክፍያ ነበረው። ምግብ ቤቶች በማርች 2020 ሲዘጉ ቃሪያና ሰላጣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለምግብ ባንክ የሰጠ ገበሬ «ይህን ያህል ፓውንድ፣ በዚህ ቀን ተቀብለናል» የሚል አጭር ደብዳቤ ማስጻፍ ይጠቅመው ነበር። ለጽድቅ የተሰጠን ነገር መመዝገብ ለአንዳንዱ ይከብደዋል። ገባኝ፤ ግን ደብዳቤው ምጽዋቱን አይሽረውም።

ሦስተኛ፦ ገቢዎን በታክስ ያሳዩ

የእርሻ ገቢና ወጪ የሚሞላበት የታክስ ቅጽ ስኬጁል ኤፍ ይባላል። «ጥቂት ሺህ ዶላር ነው፣ በጥሬ ገንዘብ ነው፣ ማን ያየዋል» ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። ከሕጉ ውጭ መሆኑን ትተን በጥቅም ብቻ ብናየው እንኳ ያልታየ ገቢ ድጎማ ሲመጣም አይታይም። ፓርፕ የ2020 ገቢዎ ከ2018 ወይም ከ2019 ቢያንስ 15 በመቶ መቀነሱን ይጠይቅ ነበር። በ2019 በወረቀት ላይ ገቢ የሌለው ሰው ከምን ላይ ይቀንሳል?

ፒፒፒ የተባለው የደመወዝ ብድር ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ ሠራተኛ የሌለው ገበሬ የሚበደረው በተጣራ ትርፉ ልክ ነበር። የትንሽ እርሻ ስኬጁል ኤፍ ደግሞ ትራክተሩም፣ አጥሩም፣ መኖውም ተቀንሶበት ብዙ ጊዜ ኪሳራ ያሳያል፤ ስለዚህ ብድሩ ዜሮ ሆነባቸው። በዲሴምበር 2020 ኮንግረስ ሕጉን አሻሽሎ ለገበሬዎች ስሌቱ ከተጣራ ትርፍ ወደ ጠቅላላ ገቢ ተለወጠ፤ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ባለው ጠቅላላ ገቢ ከፍተኛው 20,833 ዶላር ሆነ። በአግባቡ ከዋለ ብድሩ ይሰረዝ ነበር። ስኬጁል ኤፍ ያስገባ ገበሬ፣ ኪሳራ ያሳየውም ጭምር፣ ሁለተኛ ዕድል አገኘ። ያላስገባው ግን ሕጉ ተሻሻለ አልተሻሻለ ለውጥ አልነበረውም።

አካውንታንትዎ ታክሲና ሱቅ ብቻ የለመደ ከሆነ ስለ እርሻ መሥራቱን በግልጽ ይጠይቁት። የእርሻ ገቢ በስኬጁል ሲ ተሞልቶ የተገኘባቸው ሰዎች በኋላ ለማስተካከል ብዙ ደክመዋል።

አራተኛ፦ ማስታወቂያው ሲወጣ አራት ነገር ይፈልጉ

የትኛው ምርት፣ የትኛው ጊዜ፣ በምን መሠረት ይሰላል፣ እስከ መቼ። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ስለ ምርቱ፦ ዝርዝሩ ይለወጣል። ሲፋፕ አንድ ሲጀመር የገባው አገር አቀፍ ዋጋው ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ አፕሪል አጋማሽ 2020 ቢያንስ 5 በመቶ የወረደ ምርት ነበር። ዋጋው የተለካውም በጅምላ ገበያ ነው እንጂ እኛ በምንሸጥበት የሰፈር ገበያ አይደለም። ኮለርድ ጎመን፣ ኬል፣ ባሲል፣ የሰናፍጭ ቅጠልና ባሚያ በመጀመሪያው ዝርዝር አልነበሩም፤ የተጨመሩት በጁላይ 2020 ነው። በሜይ ደውሎ «ምርትህ የለም» የተባለ ሰው በጁላይ ደግሞ ካልደወለ አለፈው። ስለዚህ ሲከለከሉ «ዝርዝሩ ሊጨመርበት ይችላል ወይ? መቼ ልደውል?» ይበሉና ቀኑን በስልክዎ ላይ ያስገቡ።

ስለ ጊዜው፦ ከጃንዋሪ 15 እስከ አፕሪል 15 የሚለው መስኮት ለፍሎሪዳና ለካሊፎርኒያ የሚስማማ ነው። ሜሪላንድና ሚኒሶታ ውስጥ በዚያ ወቅት ማሳው በአብዛኛው ባዶ ነው፤ ሜዳ ላይ አትክልት የሚያመርት ሰው የሚሸጠው ነገር ስላልነበረው የመጀመሪያው ዙር ባዶ ሆነበት። እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ተስፋ ቆርጠው ፋይሉን አይዝጉት። በሴፕቴምበር 21 የተከፈተው ሲፋፕ ሁለት መንገዱን ቀይሮ ለአትክልት የ2019ን ሙሉ ዓመት ሽያጭ መሠረት አደረገ። ኪሳራ ማስረዳትም አልጠየቀም።

ስለ ስሌቱ፦ በሲፋፕ ሁለት ለአትክልት፣ ለፍራፍሬና ለመሰል ምርቶች ከመጀመሪያው 49,999 ዶላር ሽያጭ 10.6 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 99,999 ላለው 9.9 በመቶ ይከፈል ነበር፤ ከዚያ በላይም እየቀነሰ ይሄዳል። የ2019 ሽያጭዎ 38,000 ዶላር ከሆነ 4,028 ዶላር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 9,000ው የበርበሬ ዝግጅትና ገዝቶ የመሸጥ ገቢ ከሆነ ግን የሚሰላው በ29,000 ላይ ስለሆነ 3,074 ይሆናል። 72,000 ለሸጠ ሰው የመጀመሪያው እርከን ወደ 5,300፣ ቀሪው ወደ 2,178 ተደምሮ 7,478 ገደማ ይደርሰዋል። እርሻ በ2020 የጀመረ ሰው እስካመለከተበት ቀን ድረስ ያለውን የ2020 ሽያጭ ማቅረብ ይችል ነበር። ይህን ስሌት ቢሮ ከመሄድዎ በፊት በእጅዎ ይሥሩት፤ የኮምፒውተሩ ውጤት ከእርስዎ ቁጥር ጋር ካልገጠመ አንዱ ቦታ ስህተት አለ።

ስለ መጨረሻው ቀን፦ ይራዘማል ብለው አይጠብቁ፤ ከተራዘመ ግን ይጠቀሙበት። የመጀመሪያው ዙር ከኦገስት 28 ወደ ሴፕቴምበር 11 ተገፍቷል። ሁለተኛው በዲሴምበር 11 ቀን 2020 ተዘግቶ በአፕሪል 5 ቀን 2021 እንደገና ተከፍቶ እስከ ኦክቶበር 12 ቆይቷል። በዚያ ሁለተኛ ዕድል የተጠቀመው ወሬውን የሰማ ሰው ነው። የካውንቲውን ቢሮ የኢሜይል ዝርዝር ይመዝገቡ፤ ከካውንቲዎ የእርሻ ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ይተዋወቁ። ቨርጂኒያ ያሉ ደግሞ የቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲን የአነስተኛ ገበሬዎች ክፍል ያግኙ፤ ሥራው በትክክል እናንተን መርዳት ነው።

አምስተኛ፦ ብድር ከድጎማ፣ ደላላ ከረዳት ይለዩ

በወረርሽኙ ጊዜ ሁሉም «የኮሮና ብር» ተባለ። ሲፋፕ ድጎማ ነበር፤ አይመለስም። ኢአይዲኤል የሚባለው፣ ኤስቢኤ ከተባለው የአነስተኛ ንግዶች መሥሪያ ቤት የመጣው ግን በ30 ዓመት፣ በ3.75 በመቶ ወለድ የሚከፈል ብድር ነው፤ ከ25,000 ዶላር በላይ ከሆነ የድርጅቱ ንብረት ዋስትና ተይዞበታል። ገበሬዎች ለዚህ ብድር ብቁ የሆኑት በአፕሪል 2020 በወጣ ሕግ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እርሻ በዚህ ፕሮግራም አይታቀፍም ነበር። ያኔ ድጎማ መስሏቸው የወሰዱና ዛሬ ወርሃዊ ክፍያው ያስጨነቃቸው አሉ። የሚሰጥዎት ወረቀት ላይ «ሎን» እና «ኢንተረስት» የሚሉ ቃላት ካሉ ብድር ነው፤ የሚነግርዎት ሰው ምንም ይበል።

ደላሎቹም በዚያን ጊዜ በዙ። ባላርሱበት መሬት፣ በሌለ ላም፣ ከመቶ ይህን ያህል ለእኔ እያሉ ማመልከቻ የሞሉ ነበሩ። ጋዜጠኞች በ2021 የፒፒፒ መዝገብ ሲመረምሩ በኒው ጀርሲ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ውስጥ ፈጽሞ የሌሉ እርሻዎችን አግኝተዋል። በኦገስት 2022 የወጣ ሕግ በፒፒፒና በኢአይዲኤል ማጭበርበር የሚከሰስበትን ጊዜ ወደ 10 ዓመት አራዝሞታል። ፊርማው የእርስዎ ከሆነ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ ደላላው በዚያን ጊዜ ስልኩን ቀይሯል። ለኤፍኤስኤ ማመልከቻ ማንም መክፈል የለበትም፤ ቢሮው ራሱ ቁጭ ብሎ ያስሞላል።

ስድስተኛ፦ ገንዘቡ ከገባ በኋላ

የሲፋፕ ማመልከቻ በራስ ቃል ማረጋገጫ ነበር፦ ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይከፈልዎታል። ማስረጃው የሚፈለገው በኋላ፣ ቢሮው ለማጣራት ሲመርጥዎ ነው። ያኔ ደብተሩ፣ ደረሰኙና ስኬጁል ኤፍ ካልተገኙ ገንዘቡ ከነወለዱ ይመለሳል። ደንቡ ሰነድ ለ3 ዓመት እንዲቀመጥ ይጠይቃል። እኔ ብሆን ከዚያ በላይ አቆየው ነበር፤ ወረቀቱ ቦታ አይፈጅም። ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንስተው ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ።

ድጎማው ታክስ ይከፈልበታል። ዓመቱ ካለቀ በኋላ 1099-ጂ የሚባል ቅጽ ይላክልዎታል፤ በስኬጁል ኤፍ ላይ በግብርና ፕሮግራም ክፍያዎች መስመር ይገባል፤ የራስ ሥራ ታክስም ይታሰብበታል። ስለዚህ 4,028 ዶላር ሲገባ 4,028ቱን ለዘር አያውሉት፤ የተወሰነውን ለአፕሪል ያቆዩ። በአግባቡ የተሰረዘ ፒፒፒ ግን እንደ ገቢ አይቆጠርም።

ከተከለከሉ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ውሳኔው የደረሰዎትን ቀን በፖስታው ላይ ይጻፉ፤ ይግባኝ ለማለት ያለዎት 30 ቀን ነው። መጀመሪያ ወደ ካውንቲው ኮሚቴ መሄድ ይችላሉ፤ የኮሚቴው አባላት በገበሬዎች ድምፅ የሚመረጡ ናቸው፤ በመዝገብ ያለ ገበሬም በአካባቢው ምርጫ ሲኖር የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ይደርሰዋል። ከዚያ በላይ ናሽናል አፒልስ ዲቪዥን የሚባል ከኤፍኤስኤ ነፃ የሆነ ይግባኝ ሰሚ አለ። በደብዳቤዎ ላይ ስሜትዎን ሳይሆን ቀኑን፣ የቅጹን ቁጥርና የአገልግሎት ደረሰኙን ያስቀድሙ፦ በዚህ ቀን መጣሁ፣ ይህን ጠየቅሁ፣ ይህ ተባልሁ፣ ደረሰኙ ይኸው። የደብተርዎን ገጽ ቅጂ ያያይዙ፤ ዋናውን ለማንም አይስጡ።